የተገረዘው መኪና

በርበራ ወደብ ላይ ከመርከብ የወረደ መኪና ሁሉ ሮብሌ ዘንድ ሄዶ ሳይገረዝ ዳገት አይወጣም ነበር። «ግርዛት» ብሎ ስም ያወጣለት ራሱ ሮብሌ ነው። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ከሞተሩ አናት ሁለት ብሎን ይፈታል፣ ቴርሞስታት የሚባለውን ትንሽ የመዳብ ዕቃ ነቅሎ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ይወረውረዋል።

«ይሄ ለብርድ አገር ነው» ይላል። «ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አፍኖ የሚይዝ ቡሽ ነው። እኛ ጋ እኮ ሞተሩ ሳይነሳም ሞቋል!»

ባለመኪናው ይስቃል። የቆሙትም «እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድ ሆነ» ይሉታል። እንዲህ ሲባል ብዙ ዓመት አለፈ፤ አንድም መኪና አልጎዳም።

ሮብሌን ሰው ሁሉ የሚጠራው ሳንዌይኔ እያለ ነው፤ አፍንጫ ትልቁ ማለት ነው። በዚያ አገር ሰው በጉድለቱ ይጠራል፤ ቅር የሚለው ሌላ አገር ይፈልግ። ሮብሌን ቅር አላለውም። የተቃጠለ ፍሬን ከመንገድ ማዶ አሽትቶ የሚለይ መካኒክ ነበርና በአፍንጫው ይኮራ ነበር። ችግሩ ምላሱ ነው። እሱ ዘንድ ጥፋት ሁሉ የሹፌር ነው። «መኪና አይዋሽም» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከረው ሰው ወዮለት።

ሚስቱ ኪንሲ ከዳገቱ በላይ ያለችው የቀዝቃዛዋ የቡርኦ ልጅ ናት። ወደ በርበራ ምድጃ የወረደችው እሱን ብላ ነው፤ እናቷ እያለቀሰች። በበጋ ነፋሱ እሳት ሲሆን በርበራ ግልብጥ ብሎ ወደ ተራራው ይሸሻል፤ ኪንሲ ግን እሱ ጋራዡን ዘግቶ ስለማይሄድ አብራው ትቀቀላለች። አንድ ቀን አማረረች የሚል ጎረቤት የለም።

ነገሩ የተጀመረው በድርዬ መኪና ነው። ድርዬ የሮብሌ አብሮ አደግ ሲሆን፣ ዳሃቦ በምትባል ነጋዴ መኪና በሼኽ ዳገት በኩል ወደ ቡርኦ ሰው ያመላልሳል። መኪናው አዲስ ዓይነት ነው፣ በርበራ ከዚያ በፊት አላየችውም። አንድ ቀን ድንጋይ ተፈናጥሮ የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር ሰነጠቀው። ሮብሌ አዲስ ራዲያተር ገጠመለት፤ ከስንት አንድ ሳይገረዝ የቀረ መኪና መሆኑን ሲያይ ደግሞ እግረ መንገዱን ገረዘው።

መኪናው በማግስቱ ዳገቱ ወገብ ላይ ውሃ አፈላ።

«አንተ ሳንዌይኔ፣ ምን አድርገህብኝ ነው?» አለ ድርዬ ተመልሶ ሲመጣ። «እጅህ ሳይነካው ቡርኦ ድረስ በሰላም እገባ ነበር!»

«ውሃ ሞልተሃል?»

«እስከ አፉ!»

«እንግዲያው ዳገቱን ማርሽ ሳትቀንስ እየጎተትከው ነው። ጫት ስትቅም እንኳን ማርሽ፣ የእናትህንም ስም ትረሳለህ።»

ጋራዡ በሳቅ ተሞላ። ድርዬም አብሮ ሳቀ፣ ምን ያድርግ። ሮብሌ መቼም ሥራ አይለግምም፤ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ አቁሞ ከውሃው መስመር አየሩን አስወጣ፣ የራዲያተሩን ክዳን ቀየረ፣ የውሃውን ፓምፕና ማራገቢያውን ፈተሸ። ሁሉም ደህና ነው። መኪናው ግን ሄዶ ደግሞ አፈላ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ተሳፋሪው በጠራራ ፀሐይ ወርዶ በእግሩ ተመለሰ፤ አንዷ የደረሰች እርጉዝ ነበረች። ከዚያ ወዲያ በድርዬ መኪና የሚሳፈር ጠፋ። ዳሃቦም «ቁልፉን መልስ» አለችው።

ድርዬ ሽማግሎቹ ነገር ወደሚያዩበት ዛፍ ሄደ፤ ሮብሌም ተጠርቶ መጣ። «እንጀራዬም ስሜም ሊሄድ ነው» አለ። «ሮብሌ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው እያለ በከተማው ያወራል። እጁ ንጹሕ ከሆነ ይማልልኝ።»

የሽማግሎቹ አንጋፋ አዴር ጉሬ ወደ ሮብሌ ዞሮ «በአላህ ማልና ይብቃን» አለው።

እዚህ ላይ «ወላሂ» ብሎ መቀመጥ ይበቃው ነበር። ግን ሰው ተሰብስቧል፣ ጎኑን የሚነካኩት አሉ፣ ምላሱም የማታርፍ ናት። ብድግ አለ።

«በአላህማ ማንም ይምላል! ጥፋቱ የእኔ እጅ ከሆነ፣ ኪንሲ በሦስት ፍች ፈት ትሁን!»

በሦስት የተፈታች ሚስት እንደዋዛ አትመለስም። አዴር ጉሬ በትሩን ከጉልበቱ ላይ አነሳ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ማን ጠየቀህ?» አለ። ግን ወጣ፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በሚስቱ ፍች የማለን ሰው ደግሞ ማን ይከራከረዋል? ቁልፉ ከድርዬ እጅ ተወሰደ።

ሮብሌ ቤቱ ሲገባ ኪንሲ ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ አቀረበችለት፣ ሻይ ቀዳችለት፣ ምንም አላለችም። አልሰማችም ብሎ ደስ አለው። ሞኝ! በርበራ ውስጥ ሴት ያልሰማችው ነገር ቢኖር ገና ያልተባለው ብቻ ነው።

ዳሃቦ መኪናውን ለአዲስ ሹፌር እንዲያዘጋጅላት ላከችለት። ሮብሌ ግቢው ውስጥ ሞተሩን አስነሳና እግሩን ነዳጁ ላይ አሳረፈ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ወጣ። ዳገት የለ፣ ማርሽ የለ፣ ድርዬ የለ። ኮፈኑን ከፈተ፤ ሞተሩ ይንተከተካል። የራዲያተሩን ሆድ በመዳፉ ነካ።

ቀዝቃዛ ነው።

እጁን እባብ እንደነካ ሰው መለሰው። ደግሞ ነካ። እሳት የሚተፋ ሞተር ፊት ለፊት ራዲያተሩ እንደ እንስራ ቀዝቅዟል! እንግዲያው የፈላው ውሃ እሱ ዘንድ አልደረሰም። ታዲያ የት ሄደ? ሞተሩን አጥፍቶ፣ እስኪበርድ እየተቁነጠነጠ ጠብቆ፣ ሁለቱን ብሎኖች ፈታና በባትሪ ውስጡን አየ። ከታች ሌላ ቀዳዳ አለ። የድሮዎቹ ሞተሮች እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ የላቸውም። የወተት ዱቄቱን ቆርቆሮ መሬት ላይ ገልብጦ የዚያኑ መኪና መዳብ ፈልጎ አገኘው፤ ከሌሎቹ የሚለይ፣ ከሥሩ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው። ይዞት ወደ ቤቱ ሮጠ።

ኪንሲ ለሻይ ውሃ ጥዳ ነበር። ሮብሌ ክዳኑን አንስቶ መዳቡን በሽቦ አንጠልጥሎ ከተተው።

«ምን ልትቀቅል ነው?» አለች።

«ቆይ፣ አንዴ ዝም በይ።»

ውሃው ሲንፈቀፈቅ መዳቡ ነቃ። ከላይ አፉን ከፈተ፤ በዚያው ቅጽበት እግሩ ወደ ታች ወረደ። ለራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተውም፣ ያንን የታችኛውን ቀዳዳ የሚደፍነውም እሱ ራሱ ነው። እሱ ሲነቀል የፈላው ውሃ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ራዲያተሩ ወርቅ ቢሆን ምን ይረባል? ሮብሌ መሬት ላይ ዘፍ አለ።

«ምን ሆንክ?»

«ድርዬ እውነቱን ነው» አለ። «እኔ ነኝ። የእኔ እጅ ነው።»

ኪንሲ የያዘችውን ማንኪያ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እንግዲያው እኔ አሁን የማን ሚስት ነኝ?»

ሮብሌ ደነገጠ። «ሰምተሽ ነበር?»

«ገና ቤት ሳትገባ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ።»

መዳቡን መልሶ ቢገጥመው፣ ኮፈኑን ቢዘጋው፣ ማን ያውቃል? ይህ ሐሳብ መጣበት፤ አልዋሽለትም፣ መጣበት። ቀና ብሎ አያት። ኪንሲ ሐሳቡን ከፊቱ ላይ አነበበችው መሰለኝ፣ ከትከሻዋ ላይ የወደቀውን ሻሽ አንስታ ፀጉሯን ሸፈነች፤ ባዕድ ወንድ ፊት እንደቆመች ሴት አጥብቃ ሸፈነች። ሮብሌ ያንን ሲያይ ተነስቶ ወጣ።

መጀመሪያ መዳቡን በቦታው ገጠመ፤ ሞተሩ ምንም ያህል ቢሠራ መርፌው ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ዛፉ ሥር ሄዶ ሁሉንም ተናገረ። የዚያ ዓይነት መኪና በቅርቡ ያስገረዙ ሁለት ሰዎች ተነስተው ወደ መኪናቸው ሮጡ። ድርዬ «አንተ ውሻ!» አለ፤ ቀጥሎ ሌላ ስድብ ሊጨምር ሲል እንባው ቀደመው።

ሽማግሎቹ የሸሪዓውን ዳኛ፣ ቃዲውን አስጠሩ። ቃዲው የማለበትን ቃል አንድ በአንድ አስደግሞ ጠየቀ፣ አሰበ፣ ጢሙን ዳበሰ። «ሲምል እውነት መስሎት ነው፤ ሳያውቅ ነው። ፍቹ አልወደቀም። ሚስቱ ሚስቱ ናት። ለምላሱ ግን ንስሐ ይግባ» አለ። ቁልፉ ለድርዬ ተመለሰ። ሮብሌ ጫማው እየወለቀ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ኪንሲ ጓዟን ጠቅልላ በር ላይ ቆማለች።

«አልተፈታሽም! ቃዲው አልተፈታሽም አለ!»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሰምቻለሁ» አለች። «ቃዲው ስለ መሐላው ተናገረ። እኔን በመዳብ ቁራጭ ስለማስያዝህ ማን ተናገረ? ጣትህን ለምን አላስያዝክም? ጋራዥህን ለምን አላስያዝክም?»

ሮብሌ፣ ያ መልስ የማያጣው ሳንዌይኔ፣ «ወደ ቡርኦ ማን ይወስድሻል?» ብቻ አለ።

«ድርዬ።»

መኪናው ኪንሲን ይዞ በማግስቱ ጥዋት ተነሳ። ሮብሌ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ወደ ሼኽ ተራራ ሲያይ ዋለ፤ ሥራ አልነካም። ዕድሜውን ሙሉ መኪና እንዳያፈላ ሲደክም የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ያ መኪና ዳገቱ ወገብ ላይ እንዲያፈላና እንዲመለስ አላህን ለመነ። ቢያፍር ያፍር፣ ለመነ።

ድርዬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻውን ተመለሰ። ገና ሳይወርድ በመስኮቱ ጮኸ። «እጅህ ይባረክ! መርፌው ከመሃል ፍንክች አላለም!»

«እሷስ?» አለ ሮብሌ። «ምን አለች?»

«ጋቢና ነበረች፤ መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ከመርፌው አልነቀለችም። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ፣ "አያፈላም?" አለችኝ። ትንሽ እንደሄድን ደግማ ጠየቀችኝ። ፈርታ መሰለኝና፣ "አይዞሽ እህቴ፣ ሮብሌ ራሱ ነው የሠራው፣ አያፈላም" አልኳት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።»