ያጠፋሁት ሰሌዳ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ፤ የሒሳብ ነገር እሳቸው አይገባቸውም እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ለመሆኑ በሰው ላይ የሠራሁትን ለመስማት ሒሳብ ማወቅ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ፈርቼ ነው። እስቲ እናንተ ስሙኝ።

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከሥራዬ አንዱ የማስተርስ ተማሪዎችን ማሠልጠን ነው፤ እነሱ ደግሞ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች መሠረታዊ ሒሳብ ያስተምራሉ። ሰሌዳ እንዴት እንደሚያዝ፣ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የፈራ ተማሪ እንዴት እንደሚደፋፈር የማሳያቸው እኔ ነኝ። በመጨረሻም ክፍላቸው ገብቼ፣ ከኋላ ተቀምጬ፣ ይችላል ወይም አይችልም ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ማኅደር ከሠልጣኞቼ አንዷ ነበረች። የዳባት ልጅ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ናቸው፣ ቅኔ ያስተምራሉ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ሥልጠናው ላይ ብዙም አትናገርም፤ እኔ የምለውን ግን አንድ ሳታስቀር ትጽፋለች። "ጠይቃችሁ ቶሎ አትመልሱ፤ ታገሡ" ማለት አበዛ ነበር። ሌሎቹ ሰምተው አለፉት። እሷ አመነችኝ።

ያን ዓመት ትምህርት ክፍሉ ከሠልጣኞቹ አንድ ሰው በረዳት መምህርነት ሊያስቀር ነበር። እሷ እንደምትሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የግምገማዋ ቀን ዲኑ እኔም ልያት ብለው አብረውኝ መጡ። ከኋላ ተቀመጥን። ማኅደር አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ የአንድ ቁጥር ካሬ ከቁጥሩ አምስት እጥፍ ጋር እኩል ከሆነ ቁጥሩ ስንት ነው? አንዲት ተማሪ ተነሥታ ሁለቱንም ወገን ለቁጥሩ አካፈለችና መልሱ አምስት ነው አለች። ማኅደር አምስት ብላ ጻፈች። ሁላችሁም ትስማማላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ክፍሉ በሙሉ አዎ አለ። ከዚያ ዝም አለች።

መልሱ ሙሉ አይደለም። ዜሮም መልስ ነው፤ የዜሮ ካሬም ዜሮ፣ አምስት እጥፉም ዜሮ። እሷ ግን ጠመኔውን ይዛ ተማሪዎቹን እያየች ቆመች። ዝምታው ረዘመ። ዲኑ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "አላወቀችውም እንዴ?" አሉኝ።

ያኔ ምን አደረግሁ? ተነሣሁ። በዴስኮቹ መሀል አልፌ ወደፊት ሄድኩ። ዳስተሩን አንሥቼ ሰሌዳውን አጠፋሁት።

"ዜሮስ?" አልኳት፣ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት። "እንዲህ ያለ ስሕተት ጽፈሽ ትቆሚያለሽ?"

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሷ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "መምህር፣ እየጠበቅኋቸው ነበር" አለች። ሰማኋት። እንዳልሰማ ሆኜ ትምህርቱን ራሴ ጨረስኩት። ዲኑ ስንወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

የትምህርት ዕቅዷ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር፤ ከግምገማው ጋር የሚያያዝ ስለሆነ ወሰድኩት። ቢሮዬ ገብቼ አነበብኩት። በዚያ ጥንቅቅ ባለ ጽሕፈቷ፣ "አምስት ብቻ ይላሉ። አላርምም። ዜሮን ራሳቸው እስኪያገኙት እጠብቃለሁ" ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። የዲኑ ቢሮ ከእኔ ሁለት በር አልፎ ነው። ወረቀቱን ይዤ ብገባና ተሳሳትኩ ብል ምን እሆን ነበር? ትንሽ አፍር ነበር። ማስተማርን የማሠለጥን ሰው፣ ያሠለጠንኩትን ራሴ ሳላውቀው ቀረሁ ማለት ነበረብኝ። ይህችን ታህል እፍረት ፈርቼ የግምገማ ቅጹ ላይ "የይዘት ዕውቀት ይጎድላታል" ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ "ዕቅድ አላቀረበችም" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ዕቅዷን ቀድጄ ጣልኩት። ሳላውቅ አይደለም፤ እያወቅሁ ነው።

ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሷ ከማስተማሩ ተነሣች፤ መንፈቀ ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱንም ትታ ሄደች። ቅር ብሏት አንድ ቀን እንኳ አልመጣችብኝም። የመጡት አባቷ ናቸው። ከዳባት በጠዋት መኪና ተሳፍረው መጥተው ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

"ምን ጎደለሽ ብላት አትነግረኝም" አሉ። "ጥፋቷን እርስዎ ይንገሩኝና እኔ እመክራታለሁ።"

"ዕውቀት ነው የጎደላት፣ አባቴ" አልኳቸው።

"ምነው? ሸጋ አእምሮ ነበራት እኮ" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኔ ተማሪዬ ሲስት ራሱ እስኪደርስበት ዝም እለዋለሁ። እሷም ከእኔ ወስዳው ይሆናል፤ ለናንተ ትምህርት አይሆንም ይሆናል" አሉ።

አሁንም ልናገር እችል ነበር። አባቷ ፊቴ ቆመው፣ እውነቱን እሳቸው ራሳቸው ተናግረውት፣ እኔ ልክ ነው እንደማለት አንገቴን ነቀነቅሁ። እውነቱን ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው መርቀውኝ ወጡ።

ከዚህ የባሰም አለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዲስ ሠልጣኞች ሲመጡ ያንኑ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ አምስት ብዬ ዝም እላለሁ። ዝምታው ሲከብዳቸው አንዱ "ዜሮስ?" ይላል። በጣም ይወዱታል። ከሥልጠናው ሁሉ እሱ ይበልጣል ይሉኛል። የማን እንደሆነ ተናግሬ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ልጄን ላስመዘግብ አዘዞ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሄድኩ። መዝጋቢዋ ማኅደር ነበረች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሰላም አለችኝ፤ ወንበር አቀረበችልኝ። ፎርሙን እየሞላሁ ሳለ አንዲት ትንሽ ልጅ ደብተር ይዛ ገባችና ጥያቄ እንድታሳያት ለመነቻት። ሒሳብ ነበር።

"እኔ ሒሳብ አላውቅም፣ የኔ ቆንጆ" አለቻት። "መምህርሽን ጠይቂ።"

ለነገር አላለችውም። ፊቷን አየሁት፤ አምናዋለች። አፌን ከፈትኩ። ምን ልበላት? ዋሽቼብሽ ነው ብላት የሄደውን ዕድሜ ከየት አምጥቼ እሰጣታለሁ? ይህንንም የምለው ዝም ለማለት እንዲመቸኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ፎርሙን ፈርሜ፣ ደህና ሁኚ ብያት ወጣሁ።

ማሩኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳት አዘዞ አለች፤ በባጃጅ የሚደረስበት ቦታ ነው። ልጄን ጠዋት ጠዋት የምታደርሳት ባለቤቴ ናት። ምነው አንድ ቀን እንኳ አንተ ብታደርሳት ስትለኝ ሥራ ይበዛብኛል እላታለሁ።