አያ የሻውና የማያድረው አውሮፕላን

የአምባ ጊዮርጊሱ አያ የሻው ዕድሜውን ሙሉ በቅሎ ሲነዳ የኖረ ሲራራ ነጋዴ ነው። ቡና ይዞ በዛሪማ አስመራ፣ ጨው ይዞ ተመልሶ ጎንደር ሲል ጸጉሩ ሸበተ። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ማኪና ገበያውን ቢሻማውም እሱ በቅሎዎቹን አልሸጠም። አራዳ ጠላ ቤት ከተቀመጠማ የማንንም አገር ርቀት በአዳር ቆጥሮ ይነግርሃል፤ ባትጠይቀውም ይነግርሃል።

ታዲያ ይህ መንገድ አዋቂ የአንዲት ልጁ የባንቺአየሁ ሰርግ አምልጦታል። ሊማሊሞ ላይ በቅሎ ገደል ገባችብኝ አለ። ገብታም ይሆናል፤ ማን አይቶ! ልጅቱ ግን በር በሩን እያየች ተሞሸረች፤ ባሏም አዲስ አበባ ይዟት ሄደ።

አሁን ወንድ ልጅ ወልዳ፣ «እሑድ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትናው ላይ ከቀረህ አባት አለኝ አልልም» ብላ ላከችበት። መልእክቱ የደረሰው ዓርብ ነው። በበቅሎ እንደሆነ የወር መንገድ ነው።

«ምነው በአውሮፕላን አትሄድም?» አሉት ጎረቤቶቹ። «ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተህ ምሳህን አዲስ አበባ ነው የምትበላ።»

አያ የሻው ሳቀባቸው። ግን ይህችን ልጅ ሁለተኛ ማጣት አይችልም። ቅዳሜ ጠዋት አዘዞ ተገኘ።

ሳይፈትሽ ጭኖ ተነስቶ አያውቅማ! አውሮፕላኗን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ሆዷን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ገጣባ አይደለችም? ጭነት አላቆሰላትም?» ቢል መንገደኛ አሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ተነሱ። ጣና ከእግሩ ስር ሲታየው ዓይኑን ጨፍኖ ማርያምን ጠራ። ተማጽኖውን ሳይጨርስ ባሕር ዳር አረፉ።

በሲራራ ወግ ከብት ካረፈ ጭነት ይራገፋል፣ ማደሪያ ይፈለጋል። የስንት ቀን መንገድ ባንድ ትንፋሽ የጨረሰ ከብትማ ሳያድር ከተነሳ ይሞታል። አያ የሻው በሶውንና ጋቢውን አንጠልጥሎ ወረደ።

«አባት፣ ወዴት ነው? አሁን እንነሳለን እኮ!» አለው አሳፋሪው።

«ሂድ ወዲያ! ማንን ልታሞኝ ነው?» ብሎ ጥሎት ሄደ፤ አየለች የምትባል ጠላ ሻጭ ቤት ገብቶም የእግዜር እንግዳ ነኝ አለ።

«ወዴት ነህ አያ?» አለች ሴትዮዋ እየቀዳችለት።

«አዲስ አበባ። በአውሮፕላን።»

«ውይ በሞትኩት! እሷማ ያቻትና!» አለች ወደ ሰማይ እያሳየች።

ያን ቀን ራሱን የሰደበውን ስድብ በቅሎ እንኳ ሰድቦ አያውቅም። በጭነት ማኪና በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ የዓባይን በረሃ እያስነጠሰ ተሻግሮ፣ ማክሰኞ የልጁን በር አንኳኳ። መንገዱን ሁሉ ምን ብሎ እንደሚያመካኝ ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር።

ባንቺአየሁ ሕፃኑን ታቅፋ ከፈተች። ምክንያቱ ሁሉ ጠፋበት።

«ልጄ፣ ቀረሁብሽ» አለ።

«አልቀረህም» ብላ ሳመችው። «ክርስትናው የፊታችን እሑድ ነው።»

«ባለፈው እሑድ አላልሽኝም?»

«ዋሸሁሃ። በሰርጌ ዕለት በር በሩን ስታይ የዋለች ልጅ ሁለተኛ ትሞኛለች? እንድትደርስልኝ ብዬ ሳምንት አስቀደምኩት።»

አያ የሻው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ቁጣው አልመጣም።  ሕፃኑን ከእጇ ተቀብሎ በሩ ላይ እንደቆመ አለቀሰ።