ልጄ ያስተማረችኝ ኔጌቲቭ ፓወር

አርባ አንድ ዓመቴ ላይ ነው ያቋረጥኩትን ትምህርት የቀጠልኩት፤ ቀበና አካባቢ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። የቢሮ ጸሐፊ ስለሆንኩ ማንበብና መጻፉ አልከበደኝም። ያንገዳገደኝ ሒሳብ ነው። በመጀመሪያው ፈተና ላይ "ሁለት ፓወር ኔጌቲቭ ሦስት ስንት ነው?" ለሚለው በሙሉ ልብ "ኔጌቲቭ ስምንት" ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን፣ ታናሽ ወንድሜን የሚያክል ትሑት ሰው፣ በቀይ ሰርዞ "አንድ ስምንተኛ" ብሎ መለሰልኝ። ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ።

ወረቀቱን ዘጠነኛ ክፍል ለምትማረው ልጄ አሳየኋት። አልሳቀችብኝም። እሑድ ጠዋት ግን ደብተር አስይዛኝ እንጦጦ ይዛኝ ወጣች፤ ቤት ከሆንን ዓይኔ ድስቱ ላይ ስለሚሆን አልሰማትም አለች። ባሕር ዛፎቹ ሥር ቁጭ እንዳልን በስንጥር መሬቱ ላይ የሁለትን ፓወሮች ከሦስት ጀምራ ስምንት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ ብላ ጻፈች።

"ፓወሩ ከሦስት ወደ ዜሮ አንድ አንድ እያለ ሲወርድ ቁጥሩ ምን ይሆናል?"

"እየተጋመሰ ይሄዳል።"

"ከአንድ ቀጥሎስ?"

"ግማሽ። ከዚያ ሩብ፣ ከዚያ..." አልኩና ቆም አልኩ። "አንድ ስምንተኛ። እንዴ፣ ታዲያ ኔጌቲቩ ቁጥሩን ከዜሮ በታች አያወርደውም ማለት ነው?"

"አያወርደውም እማ። አካፍይ ማለት ነው።"

ከእንጦጦ ስንወርድ መንገዱን ሙሉ ጥያቄ ስትደረድርብኝ፣ ስመልስ ቀበና ደረስን።

በቀጣዩ ቅዳሜ መምህሩ ከክፍልፋዩ ሰረዝ በላይ ኤክስ ፓወር ኔጌቲቭ ሁለት፣ ከሰረዙ በታች ዋይ ፓወር ኔጌቲቭ ሦስት ጽፎ "አቃልሉ" አለን። እጄን አወጣሁ። ወደ ሰሌዳው ወጥቼ በጠመኔ ኤክስን ወደ ታች፣ ዋይን ወደ ላይ አዛወርኩና ፓወራቸውን ፖዘቲቭ አደረግሁ።

"ዋይ ለምን ወደ ላይ ወጣ?" አለ ፊት የተቀመጠ ወጣት።

"አንድን ዳቦ ለግማሽ ግማሽ ብታካፍለው ስንት ቁራሽ ይወጣሃል?"

"ሁለት።"

"አየህ፣ ለግማሽ ማካፈል በሁለት ማባዛት ነው። ከታች ያለው ዋይም እንደ ግማሹ ነው፤ ስናካፍልበት ማባዛት ይሆናል።"

መምህሩ ፈገግ አለ። "ከዛሬ ጀምሮ እኔም እንደ እርስዎ ነው የማስረዳው።"

ደስታዬን ይዤ ቤት ገባሁና ሁሉንም ለልጄ ነገርኳት።

"እኔ እንዳስተማርኩሽ ነገርሽው?"

"ረሳሁት።"

"እንግዲያው ቅጣት አለብሽ" አለችኝ። ከዚያ ደብተሬን ሳብ አድርጋ አሥር አዳዲስ ጥያቄዎች ጻፈችልኝ።