የብሎጌ አምስተኛ ዓመት ችግኞች

የጉዞና የተፈጥሮ ብሎጌ አምስት ዓመት ሲሞላው ኬክ መቁረጥ አስጠላኝ። ክረምትም ስለነበር አንባቢዎቼን ጠርቼ ከአስኮ በላይ ያለው ጋራ ላይ ችግኝ እንትከል አልኩ።

መጡ፤ ያውም እንደ ሠርገኛ ለብሰው፣ በዚያ ጭቃ ነጭ ጫማ አድርገው። ስለ ጫካ ሽታ በየሳምንቱ አስተያየት የምትጽፍልኝ ልጅ አፈሩን በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ እጇን በሶፍት ጠረገች፤ ሶፍቱን እዚያው ጣለችው። አንዱ ደግሞ ችግኙን ተክሎ ፎቶ ከተነሳ በኋላ "አላማረብኝም" ብሎ ነቀለው፤ ዞሮ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲሆንለት እንደገና ተከለው። እኔም ካሜራዬን ይዤ ስዞራቸው ዋልኩና ማታ "ምድር ዛሬ ፈገግ አለች" ብዬ ፖስት አደረግኩ። ብሎጉን ከከፈትኩ ጀምሮ እንደዚያ የተወደደልኝ ጽሑፍ የለም።

ክረምቱ ሲያልፍ ችግኞቹን ልጎበኝ ብቻዬን ሄድኩ። ሁሉም ደርቀው ቆመዋል። አንዱን ሳብ ባደርገው ሳይታገለኝ መጣ፤ ከነጥቁር ላስቲኩ። ሌላውንም ሳብኩ፤ ያም ከነላስቲኩ። እነዚያ ሁሉ የተፈጥሮ ወዳጆች ሥሩ የታሸገበትን ላስቲክ አንዳቸውም አልቀደዱትም። ለነገሩ ፎቶ ላይ አይታይም!

ቤቴ ስገባ ያቺ ባለ ሶፍቷ ጽፋልኛለች። "ለስድስተኛ ዓመቱስ የት ነው የምንተክለው?"

"እዚያው ነው" አልኳት። "ጉድጓዱ ተቆፍሮ እየጠበቀሽ ነው።"