የንግሥቴ ቋጠሮ

የድሮ የኮምፒውተር ተርሚናል ፊደል እንጂ ሥዕል አያውቅም። ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ክፍል የተቀመጠ ትልቅ ማሽን ነው። መሥመርና ክብ እንዲያሳይ ከተፈለገ ሆዱ ውስጥ ተጨማሪ ቦርድ ይሰካለታል። ናዳቭ የሚሰበስበው እነዚህን ቦርዶች ነው። ሀዳር በሚባለው ሰፈር ባለችው የጥገና ሱቁ እያንዳንዱን ከፊትም ከኋላም ፎቶ ያነሳል፣ የቺፖቹን ቁጥር ይመዘግባል፣ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ የት እንደተሠራ ካላወቀ እንቅልፍ አይወስደውም።

ሱቁን የሚያጸዱት ወይዘሮ ንግሥቴ አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አንድ ቦርድ አይተው መወልወያቸውን እንደያዙ ቆሙ።

«ይኸን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አትቀልጅብኝ ንግሥቴ!» ናዳቭ እዚሁ ዕብራይስጥ በሚነገርበት አገር ተወልዶ ያደገ ነው፤ ለአንቱታ ምላሱ አይታዘዝለትም።

«በጠዋት ምን ያስቀልደኛል? ገልብጠው።»

ገለበጠው። ከጀርባው የፋብሪካውን ስህተት ለማረም የተበየደ ቀይ ሽቦ አለ፤ እንዳይነቃነቅ በሰም ክር ታስሯል። እስካሁን በመዘገባቸው አርባ ቦርዶች ላይ ክሩ በተራ ቋጠሮ ነበር ያለቀው። የዚህኛው ግን ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ በራሱ ሥር ይገባል።

«ስፌት ስንጨርስ የምንቋጥረው እንዲህ ነው» አሉ። «ይኸን ስሠራ አለቃው ጊዜ ትፈጃለሽ እያለ ይጮህብኝ ነበር።»

ነገሩ ለወይዘሮ ንግሥቴ ትዝታ ብቻ አልነበረም። እዚህ አገር በገቡ በሁለተኛው ዓመት እንዲህ ያሉ ቦርዶች በሚታረሙበት መስኮት በሌለው ትንሽ ወርክሾፕ ተቀጥረው ስድስት ዓመት በየዱ። አሁን ጣቶቻቸው ደንዝዘዋል፤ የልብሳቸውን ቁልፍ የምትቆልፍላቸው ልጃቸው ኢናቭ ናት። ሐኪሙ የብየዳው ጭስ ነው አለ። የሥራ ሕመም የሚያጣራው ኮሚቴ ደግሞ እዚያ መሥራታቸውን ያስረዱ አላቸው። ወርክሾፑ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ መዝገብም የለም። ኮሚቴው ካልተቀበላቸው ሕክምናውም ቤት መጥቶ የሚያግዛቸው ሰውም ይቀራል።

ናዳቭ ለኮሚቴው ዘጠኝ ገጽ ማስረጃ ጻፈ። ቺፕ ላይ የታተሙ አራት አኃዞች የተመረተበትን ዓመትና ሳምንት ይናገራሉ፤ ከእርሳቸው የሥራ ዘመን ጋር ገጠሙ። የአርባውን ቦርድ ቋጠሮ ፎቶ ከእርሳቸው ቋጠሮ ጎን አስቀመጠ።

ኮሚቴው ፊት ሲቀርቡ ሰብሳቢዋ ገጾቹን አገላበጡ። በዕብራይስጥ ሲናገሩ ኢናቭ ለእናቷ ተረጎመች። «ሥራው ያምራል። ግን ይህ የእርስዎ እጅ ለመሆኑ በምን እንመን? እስኪ እዚህ ይቋጥሩልን።»

ክርና ሽቦ ቀረበ። አንዱ ዙር ያዘ፣ ሁለተኛው ላላ፣ ክሩ ወደቀ። እንደገና ጀመሩ። ኢናቭ ልታግዝ እጇን ስትዘረጋ «ተይ፣ አንቺ አታውቂውም» አሏት። በአራተኛው ሙከራ ሰብሳቢዋ ሰዓታቸውን አዩ።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ይበቃል።»

«ሕመሟ እኮ ይኸው ነው!» ናዳቭ ጮኸ።

«መታመማቸውን አልተጠራጠርንም። የት እንደታመሙ ነው ያላወቅነው።»

ኮሚቴው ጥያቄያቸውን ውድቅ ባደረገ በሳምንቱ ናዳቭ ከቦርዱ ፎቶ ሥር «ሽቦውን ያሰሩት፦ ወይዘሮ ንግሥቴ» ብሎ ጻፈና አነበበላቸው።

«ይኸን ማን ያየዋል?»

«በዓለም ላይ ምናልባት አሥራ አምስት ሰው።»

«ከኮሚቴው ይበዛሉ» አሉና የባልዲውን እጀታ በክርናቸው አንጠልጥለው ወደ ደረጃው ወጡ።