ሁላችንም የሳትነው ዒላማ

ሰሞኑን ጂንካ ገበያ ዳር ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ሳይ፣ የዓለም አገሮች በሚገናኙበት የስፖርት ጨዋታ የተኩስ ውድድር ደረሰ። አንዲት ቀጭን ልጅ ትንፋሿን ያዘች፤ መሃሉን መታች። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ተኩሱን ጠልቼ አይደለም፤ ጭብጨባው ነው የከበደኝ።

በደርግ ጊዜ ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ነበር። ማሽላው ሲያሽት ዝንጀሮ እንዳይጨርሰው በአባታችን አሮጌ ምንሽር የምንጠብቀው እኔና ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ነበርን። ጥይት እንደ ልብ ስለማይገኝ መሳት ነውር ነበር። አንድ በጋ የወረዳው ካድሬ ከአውሮፕላን ሜዳው ባሻገር ካለው ጉብታ ሥር የወረቀት ዒላማ አስተከለና በድምፅ ማጉያ፣ «አንደኛ የወጣ ለአገሩ ሊወዳደር ውጭ አገር ይሄዳል» አለ። ማርቆስ አንደኛ ወጣ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። እናቴ ዶሮ አረደች። በመኪና ወደ አርባ ምንጭ ወሰዱት፤ ከዚያ የሰማነው ግን ጦር ሜዳ መላኩን ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ሰፈሩ ዲመካ የተመለሰ ወታደር ቤታችን መጥቶ የማርቆስን ሞት አረዳን።

በሚቀጥለው በጋ ያው ካድሬ በዚያው ማጉያ ያንኑ ቃል ደገመው። እውነቱን ለመናገር፣ ከወንድሜ ሞት በኋላም ያን ውጭ አገር ልቤ ይመኘው ነበር። ጠዋት የተቀቀለ ጎደሬ እየበላን አባቴ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ «ዒላማውን ሳተው፣ ልጄ» አለኝ። «ሁሉም አባት ለልጁ ይህንኑ እያለ ነው።»

ሳትኩ። ከማሳው ማዶ ዝንጀሮ የሚጥሉ ሰዎች ሁሉ አፈር ሲመቱ ዋሉ። ካድሬው፣ «ጉብታው ባይሰፋ እሱንም አታገኙትም ነበር» ብሎ ተሳለቀብን። አንደኛ የወጣው በቅርቡ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ ጌታሁን የሚባል የእርሻ ሠራተኛ ነበር። መካከለኛ ተኳሽ ነው፤ እንግዳ ስለሆነ ግን ማንም አልመከረውም። እናቴ ለመንገዱ ቆሎ እየቋጠረችለት ገና በቁሙ አለቀሰችለት።

ዝናቡ ሲገባ ጌታሁን ተመለሰ። አዲስ ቱታ ለብሷል፤ ከብዙ አገር ልጆች መሃል የቆመበት ፎቶግራፍ ይዟል። የእውነት ውጭ አገር ሄዶ ኖሯል። ስለ ቆሎው ሊያመሰግን ቤታችን መጥቶ፣ ከመጨረሻ ሁለተኛ መውጣቱን እየሳቀ ነገረን። አባቴ ፎቶውን ብዙ አየው።

«ተኩሳችሁ ስትጨርሱ ወዴት ወሰዷችሁ?» አለው።

«ራት ጋበዙን፣ አባባ።»

አባቴ ፎቶውን መለሰለትና ወጣ። ያን ቀን ዝናብ እየወረደበት ማሽላው መሃል ቆሞ ዋለ። እስኪሞት ድረስ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

አባቴን አልተቀየምኩትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር። የሚመርረኝ ውሸቱም እውነቱም በአንድ አፍ፣ በአንድ ቃል መነገሩ ነው። በምን እንለየው? ከዚያ ወዲህ ደግ ነገር በሰማሁ ቁጥር ወጥመድ ይመስለኛል። ለትምህርት ስጠራ አመመኝ አልኩ፤ ለእድገት ስታጭ ሌላ ሰው ጠቆምኩ። ካድሬው ከሄደ ስንት ዘመኑ። እኔ ግን ልመታው የምችለውን ሁሉ እያየሁ ሳሳልፍ አረጀሁ።