ሥራ አጥ የሌለበት ቀበሌ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... ታብሌት ያቀፈ ልጅ መንደራችን ደረሰ። ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ ሰው መንደራችንን አልፎ ነው የሚሄደው። ልጁ ብሩክ ይባላል። የሥራ አጥነት ጥናት ሊሠራ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ቤት ለቤት የሚመራው ሰው ሲፈልግ ቀበሌው እኔን ሰጠው።

እኔ የላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። ነበርኩ ብል ይሻላል። ባጄ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናት፣ የጠፋው ቱሪስቱ ነው። ከተማ የተከራየሁትን ክፍል ለቅቄ አባቴ ቤት ከገባሁ ቆየሁ። በሠላሳ ዓመቴ እናቴ ያቀረበችልኝን እጎርሳለሁ። ያሳፍራል፣ ምን ልደብቅ።

እህቴ ይርገዱ ደግሞ በሆቴል መስተንግዶ ዲፕሎማ አላት። ያላንኳኳችው የሆቴል በር የለም፤ ግማሹ ዝግ ነው፣ ግማሹ ያሉትንም ሠራተኞች እየቀነሰ ነው። በመጨረሻ ጋሸና ላይ ደላላ አገኘች። በጅቡቲ በኩል ባሕር የሚያሻግር። «ሰኞ እሄዳለሁ» ካለች ሁለት ሰኞ አልፏል። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ቀበሌ ላይ «ሥራ አጥ በርክቶ ለተገኘበት አካባቢ ፕሮጀክት ይመጣል» ሲባል ሰምቼ፣ «እስኪቆጥሩን ጠብቂ» ብዬ ለመንኳት።

እና ሐሙስ ለት ከይርገዱ በላይ የጓጓሁት እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ቤት የጎረቤታችን የአያ ሞላ ነው። ብሩክ ከታብሌቱ ላይ አነበበላቸው።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ቢያንስ አንድ ሰዓት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ወይም የቤተሰብ እርሻ ሥራ ሠርተዋል?»

አያ ሞላ ቅር አላቸው። «አንድ ሰዓት? ምነው ልጄ፣ አንድ ሰዓት ሠርቶ የሚያድር ገበሬ የት አየህ? ከማሳዬ ድንጋይ ስለቅም ነው የሰነበትኩ።»

ብሩክ ታብሌቱን ነካ አደረገው። ሥራ አላቸው። ያ ማሳ የዓመት ቀለብ ሰጥቷቸው እንደማያውቅ አገር ያውቃል... ግን እሱን የሚጠይቅ ጥያቄ የለም።

ሁለተኛው ቤት፣ ሥራ አላቸው። ሦስተኛው ቤት ያለችው መበለት ለጎረቤት እህል አበጥራ አንድ ቁና ጤፍ አግኝታለች... ሥራ አላት። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ያው ነው።

መንገድ ላይ ብሩክን «ሌላ ቦታም እንዲህ ነው?» አልኩት።

«ኧረ በፍጹም። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ነበርኩ። ፋብሪካ በር ላይ ተሰልፎ የሚውለው ወጣት ሁሉ ሥራ የለኝም ነው የሚለው። እዚህ ግን እስካሁን አንድም ሰው አላገኘሁም።»

እንግዲህ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ሥራ አጥ ሞላው፣ የፋብሪካ ጭስ አይቶ የማያውቀው የኛ አገር ደግሞ ሁሉም ሠራተኛ ሆነ። «ፕሮጀክቱስ?» አልኩት። «እኔ ጠይቅ የተባልኩትን ነው የምጠይቀው ወንድሜ» አለኝ።

የኛ ቤት ደረስን። አባቴ ብድግ ብለው ተቀበሉት፣ መደብ ላይ አስቀመጡት። ስለ ይርገዱ ሲጠይቅ እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት አባቴ ቀደሙ።

«ልጄ ማልዳ ውሃ ትቀዳለች። ጥጥ ትፈትላለች። ቅዳሜ ገበያ ወርዳ እንቁላል ሸጣለች። እጇን አጣጥፋ የምትውል ልጅ አላሳደግኩም፣ ጻፍ።»

«ገበያ ስንት ሰዓት ቆየች?»

«ኧረ ከጠዋት እስከ ተሲያት። በርትታለች ብለህ ጻፍልኝ።»

ይርገዱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አየችኝ። በእንግዳ ፊት «አባዬ፣ ልጅዎ ሥራ የላትም» ማለት በኛ አገር ሽማግሌ ማዋረድ ነው። ብሩክ ነካ አደረገ። ሥራ አላት።

የቀረሁት እኔ ነኝ። «እኔን ጻፈኝ» አልኩት። «እኔ የለኝም። በዚህ ቀበሌ አንድ ሰው እንኳ ይገኝ።»

ብሩክ አቀረቀረ። «ወንድሜ... ከጠዋት ጀምሮ እኔን እየመራህ ነው። አበልም ይከፈልሃል።»

«ነገስ?»

«ጥያቄው ስላለፈው ሳምንት ነው። ምን ላድርግህ... የኔም ኮንትራት በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል።»

እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ የመጣው ሳቄ ነው። ወዲያው እንባዬ ተከተለ፣ ከጓሮ ዞሬ ፊቴን ታጠብኩ።

ሰኞ ጠዋት ይርገዱን የጋሸና መኪና ላይ ሸኘኋት። «ጋሼ» አለችኝ፣ «ጠብቂ አልከኝ፣ ጠበቅኩ። አሁን ተወኝ።» ከአባቴ ጋር መኪናው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ቆመን አየነው።

ስንመለስ አባቴ በዘንጋቸው መሬቱን እየቆረቆሩ፣

«ያ ልጅ ግን ምነው ዝም አለ?» አሉኝ።

«የቱ ልጅ አባዬ?»

«ያ እንግዳው። እኔኮ ብርቱ መሆኗን ካወቁ ሥራ የሚሰጧት መስሎኝ ነው... ያን ሁሉ የነገርኩት።»

ቀድሜ ላስረዳቸው ይገባኝ ነበር። አላስረዳኋቸውም። አሁን ቢነግሯቸው ደግሞ ይገድላቸዋል። «ይደውል ይሆናል» ብዬ ዋሸኋቸው።

በወረቀት ሥራ ያላት እህቴ፣ ሥራ ፍለጋ ተሰደደች።